ከደረቀ ቅጠል የሚሠራ አገር



«ካርታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ አንደኛው የምድርን ገጽ በመስመር የሚያሳየው ሥዕል፣ ሁለተኛው የይዞታ ማረጋገጫው ወረቀት ነው። (መጫወቻው ካርታ ለጊዜው ይቆየን።) በሻሸመኔ ስለ መልክዐ ምድር ሥዕል የሚናገር ሰው ሁለቱን መነጠል ይቸግረዋል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓ.ም. 5 ጋሻ መሬት፣ ይኸውም 200 ሄክታር ያህል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የአሜሪካና የካሪቢያን ጥቁር ሕዝቦች በዚያ ሰጡ። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ስጦታው ተወረሰ። ለሰፋሪዎቹ የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጥ መንግሥት ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ መታወቂያ ግን ካርታ አይደለም።

ከዚሁ ማኅበረሰብ መካከል ራስ ኃይሉ ተፈሪ የተባሉት፣ ከካሪቢያን የመጡት ሠዓሊ የታወቁት ያለ ቀለም በሠሯቸው ሥዕሎች ነው። ዕቃቸው የደረቀ የሙዝ ቅጠል ነው። ቅጠሉ እንደ ዕድሜውና እንደ አደራረቁ ከገረጣ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ይለያያልና፣ በየመልኩ ተመርጦ፣ ተቆርጦና ተደራርቦ በሙጫ ይለጠፋል። ጅማቱ ጎን ለጎን የሚሄድ በመሆኑ፣ በተዳፋት ላይ ሲያጋድሉት የከፍታ መስመር ያለበትን ካርታ ያስታውሳል። ባለሙያ ሊያስተውለው የሚገባው ችግር ግን ሌላ ነው። ቅጠል እንደ ቀለም አይበጠበጥም፤ ደረቅ ቅጠልም አረንጓዴ የለውም። የሻሸመኔ ዙሪያ፣ እንግዳ ሰው ከሙዝ በማይለየው እንሰት ጭምር፣ ለምለም ነው፤ በዚህ ጥበብ የሚታየው አገር ግን ምንጊዜም የበጋ አገር ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሠዓሊውን ከጌጠኝነት የሚያድነው ገደብ ነው።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ፣ ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ የሥዕል ገዢዋ ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ነው። መንገደኛም በሻንጣ የሚገባውን ይመርጣል፤ ሰፊው መልክዐ ምድር ከግድግዳው ሳይወርድ ይከርማል። «ቅጠል አይደለም እንዴ?» እያለ የሚከራከረው ገዢ ለቅጠሉ እንጂ ለእጁ ሥራ መክፈሉን ይዘነጋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙና ሁከቱ ተከታትለው ሲመጡ መንገደኛውም ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ካርታ ያለው ሰው ቤቱን በባንክ አስይዞ ክፉውን ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ካርታ የሌለው ሠዓሊ ግን የሚያስይዘው ሥዕሉን ብቻ ነው፤ ያንንም የሚቀበል ባንክ የለም።