ከከብት ቆዳ ወደ ሰው ፊት

ኮላጅን ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ፀሐይና ሲጋራም ሲጨመሩበት ይሳሳል፤ ፊት ይሸበሸባል። አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ሽብሽቡን የሚሞላ ዚደርም የተባለ መርፌ ፈቀደች። የሚሠራው ከከብት ቆዳ በተጣራ ኮላጅን ነበር። አዎ፣ ከከብት! ሰውነት በእንግዳው ፕሮቲን ሊቆጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጥቂቱ ክንድ ላይ ተወግቶ አራት ሳምንት ያህል ይጠበቅ ነበር። ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉ ቆዳቸው ቀልቶ ያብጥና እዚያው ይቀሩ ነበር። ፈተናውን ያለፉትም ቢሆኑ ሽብሽባቸው በጥቂት ወራት ይመለስ ነበር፤ ሰውነት ኮላጅኑን ቀስ በቀስ ይበላዋላ። ለዚያ ሁሉ ጥበቃ ትርፉ ትንሽ ነበር ባይ ነኝ። በ2003 ሬስቲሌን የተባለው የሃያሉሮኒክ አሲድ መርፌ ሲፈቀድ፣ ቅድመ ፈተና ስለማይጠይቅ ገበያውን ወሰደው። ከተፈለገም ሐኪሙ በኢንዛይም ሊያሟሟው ይችላል።