ለሕንፃ የሚሰበሰብ ገንዘብና የድሬስደኑ ኦርጋን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድራችን ዳኛ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ጋበዙኝ አመሰግናለሁ። እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ የዚህ የምንሰበሰብበት አሮጌ ቤት ጣራና በረንዳ ይታደስ ወይስ ይቅር በሚል ብዙ ተከራክረናል። ገሚሶቻችን «ለኀዘንተኛ የተዋጣ ገንዘብ ለእንጨትና ለቆርቆሮ አይውልም» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ቤቱ ከወደቀ ድንኳኑንና ድስቱን የት ልናስቀምጥ ነው?» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ታዲያ ይህንኑ ክርክር ከእኛ በፊት የተከራከሩ ሰዎች ነበሩና እነሱ እንዴት እንደ ተወጡት ላጫውታችሁ ነው የተነሣሁት። አገሩ ጀርመን፣ ከተማው ድሬስደን ይባላል። የእኅቴ ልጅ እዚያ ነርስ ናት፤ ወሬውን መጀመሪያ ያጫወተችኝ እሷ ስትሆን ቀሪውን እያነበብኩ አጣርቻለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በድሬስደን መካከል ፍራወንኪርኸ የሚባል የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አለ። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንደ ማለት ነው። ከ1726 እስከ 1743 ዓ.ም. ተሠራ። ሕንፃውን ያቀደው ጌዮርግ ቤር በሙያው አናጢ ነበር፤ አናጢን የምትንቁ ይህን ስሙልኝ። ጉልላቱ ሙሉ በሙሉ ድንጋይ ሆኖ ክብደቱ ወደ 12000 ቶን ይጠጋል። አናጢው ግን ፍጻሜውን ሳያይ በ1738 ዓ.ም. ሞተ።

በዚያ ቤት ውስጥ በ1736 ዓ.ም. ጎትፍሪድ ዚልበርማን የሚባል ባለሙያ የሠራው ኦርጋን ተተከለ። ኦርጋን ስል እዚህ በየሠርጉ በኤሌክትሪክ የሚጫወተውን እንዳይመስላችሁ። ያኛው ቁመቱ ግድግዳ የሚያክል ነው። በሺህ የሚቆጠር የብረትና የእንጨት ቧንቧ አለው። ከበስተኋላ፣ አንጥረኛ እሳቱን እንደሚያናፋበት ያለ ትልቅ ወናፍ አየሩን ወደ ሣጥን ይሞላል። ተጫዋቹ በጣቱ አንዱን ሲጫን የዚያ ቧንቧ በር ይከፈትና ድምፅ ይሰጣል። ረጅሙ ቧንቧ እንደ ነጐድጓድ ያጉረመርማል፤ አጭሩ እንደ ወፍ ይጮኻል። በእጁ ብቻ አይደለም፤ በእግሩም ይጫወታል። ዛሬ ወናፉን ሞተር ሲነፋው በዚያን ጊዜ ግን ሰው በጉልበቱ ነበር የሚነፋው። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ፣ በዓለም የታወቀው የሙዚቃ ሰው፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን መጥቶ ተጫውቶበታል።

በፌብሩዋሪ 1945 ዓ.ም. የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። ወደ 25000 ሰው አለቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቀን በእሳት መካከል ቆሞ ከቆየ በኋላ በ15ኛው ቀን ጧት ጉልላቱ ተደረመሰ። ኦርጋኑም አብሮ ጠፋ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ፍርስራሹን የጦርነት መታሰቢያ ይሁን ብሎ ተወው፤ እንደ ክምር ድንጋይ አርባ አምስት ዓመት ተቀመጠ።

በ1990 ዓ.ም. ጥቂት የከተማው ሰዎች «እንሥራው፤ ዓለም ይርዳን» ብለው ጥሪ አሰሙ። ከመሪዎቹ አንዱ ሉድቪግ ጉትለር ይባላል፤ ሥራው ጥሩንባ መንፋት ነው። እኛ ዘንድ ጥሩንባ ሲነፋ ማን ሞተ እንላለን፤ እነሱ ዘንድ ግን ጥሩንባው የሞተ ቤት አስነሣ! ነገር ግን ጥሪው ቶሎ አልተወደደም። ፍርስራሹ እንዳለ ይቆይልን ያሉ ነበሩ። ከቤተ ክህነቱም ወገን «ችግረኛ እያለ ለድንጋይ ይህን ያህል ገንዘብ?» ያሉ ነበሩ። የእኛን ስብሰባ የሰማችሁ አይመስላችሁም? የቤተ ክርስቲያኑ ሲኖዶስ የተስማማው በ1991 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ዘዴው ከዚህ ላይ ነው። ከችግረኛው ድርሻ ላይ እንቁረስ አላሉም። ጥሩንባና ኦርጋን ይዘው በየቦታው ኮንሰርት አቀረቡ፤ ሰው ጥሩ ነገር ሰምቶ ደስ ብሎት ሰጠ። በ1996 ዓ.ም. ምድር ቤቱ ሲያልቅ፣ በላይ ግንበኛ እየገነባ በታች ጸሎትና ሙዚቃ ይደረግ ጀመር። ሰጪው ገንዘቡ ወደ ግድግዳ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል ማለት ነው። ለሰጠ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የፍርስራሹ ቁራጭ የገባበት የእጅ ሰዓት ሳይቀር ተሸጧል። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ከሙዚቃው ይልቅ ያ ወረቀት ነው ልቤን የነካው።

ወጪው በጠቅላላው 180 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነው ከልገሳ ነው። ጉንተር ብሎበል የተባሉ ሳይንቲስት በ1999 ዓ.ም. ካገኙት የኖቤል ሽልማት ገንዘብ አብዛኛውን ለድሬስደን ሰጡ። ከጉልላቱ በላይ ያለው መስቀል ለንደን ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የሠሪው አንጥረኛ አባት በዚያ ድብደባ ላይ አውሮፕላን ካበረሩት አንዱ ነበሩ። ከዚህ በላይ ዕርቅ የት ይገኛል?

ቤቱ በኦክቶበር 2005 ዓ.ም. ተመረቀ። ከፍርስራሹ የተለቀመው ጥቁር ድንጋይ በነጣው አዲስ ድንጋይ መካከል ጣል ጣል ብሎ ይታያል። የዱሮውን ኦርጋን ልክ እንደ ነበረ እንሥራ ወይስ አዲስ ዓይነት የሚል ጠብም ነበር፤ በመጨረሻ የስትራስቡርግ ሰዎች ከ4800 በላይ ቧንቧ ያለው አዲስ ሠሩ። የእኅቴ ልጅ እንደምትለው ቀትር ላይ ኦርጋኑ ይመታል፤ መግቢያ አይከፈልም፤ ሲወጡ ግን በሩ ላይ የስጦታ ሣጥን አለ። ቤቱ አልቆም መሰብሰቡ አልቀረም፤ ጥገና መቼ ያልቃል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ቧንቧ ያለው ኦርጋን የለንም፤ በገና የሚደረድሩ አባት ግን በሰፈራችን አሉ። መንዙማ የሚያውቁ ሙስሊም ወንድሞችም አሉን። አንዱን እሑድ ለበገናው፣ አንዱን ለመንዙማው እናድርግ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ከዕድሩ ሣጥን ጋር እንዳይቀላቀል የራሱ መዝገብና ቀለሙ የተለየ ደረሰኝ ይኑረው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ሆኖ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣ አንዱ «አይታደስ» ካሉት ወገን ከሚመረጥ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ከኀዘንተኛው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አትነካ። ደረሰኙን ያለ ክፍያ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ገና አልደከመም።