«ኃላፊ» የምትለው ቃል

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም። 

ለዛሬ የያዝነው አንዲት ቃል ነች። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ዱንያ ኃላፊ ናት» እንላለን። እውነት ነው። በሱረቱ ራሕማን 26ኛ አንቀጽ ላይ ያለው «ፋኒን» የሚለው ቃል በምድር ላይ ያለ ሁሉ ጠፊ መሆኑን ይነግረናል። ይህችው «ኃላፊ» የምትል ቃል ግን በየቢሮው በር ላይም ተጽፋለች፤ «የክፍሉ ኃላፊ» ተብላ። አጻጻፏም አነባበቧም አንድ ነው። አዳማችን የክልሉ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ በ1997 እስኪወሰን ድረስ፣ ስንቱ ኃላፊ መጥቶ አለፈ!

እኛን የሚያሳስበን የቃሏ አጠቃቀም ነው። ከመቂ ወይም ከዝዋይ ሽንኩርት በዱቤ ያስጫነ ነጋዴ፣ ገበሬው ገንዘቡን ሊጠይቅ አዳማ ድረስ ሲመጣ፣ «አባቴ፣ ዱንያ እኮ ኃላፊ ናት፤ ምን ያስቸኩልዎታል?» ይለዋል። ለራሱ ኪስ ሲሆን ዱንያ አታልፍም፤ የምታልፈው ለሽማግሌው ብቻ ነው! ይህ ዙህድ አይደለም፤ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

ዱንያ ጠፊ ናት ያለን ቁርኣን ከአንቀጾቹ ሁሉ ረጅሙን ለምን እንዳዋለው እናስተውል። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው፤ ጸሐፊ ይኑር፣ ምስክር ይቁም፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍ አይሰልቻችሁ ይላል። የሚያልፍ ሰው ነውና ሒሳቡ ይጻፍ።

ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሦስት ዲናር ዕዳ ያለበት ጀናዛ በቀረበ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦቹ እንዲሰግዱበት አዘው እርሳቸው ተቆጠቡ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉ ግን ሰገዱበት። ሟቹ አልፏል፤ ለሦስቱ ዲናር ግን ኃላፊ ተገኘለት።

በየከተሞቻችን፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ሰው ሲሞትብን ለሶደቃ በሬ ለመጣል እንሽቀዳደማለን። የዱቤ ደብተሩን ግን ማንም አይገልጠውም። ዕዳ ከውርስ በፊት እንደሚከፈል ሱረቱ ኒሳእ ደንግጓል፤ ከድግሱማ በፊት መሆኑ ምን ያጠያይቃል? እናቶች፣ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሬው ከመገዛቱ በፊት አውጡትና ልጆቹ ያንብቡት።