ኩባያችሁን ይዛችሁ ኑ
(ስለ በዓሉ ሩጫ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሩጫው እንድናገር የታዘዝኩት ሯጭ ሆኜ አይደለም፤ ሰውነቴን እያያችሁት ነው። ባለ ሱቅ ስለሆንኩ፣ ዕቃው ከእኔ ዘንድ ይገዛል ተብሎ ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሥራቾቹም አንዱ፣ የዕለቱም አሸናፊ ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አዲስ አበባን የሚያውቋት በዲሽ ነው፤ አንድ ዓይነት ካኔተራ ለብሶ መንገዱን በሞላው በዚያ ሕዝብ። እኛም ለበዓላችን 5 ኪሎ ሜትር እንሩጥ የተባለው ከዚያ የተነሣ ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ግን ካኔተራ ይታተም፣ ውኃም በፕላስቲክ የታሸገው ይገዛ ሲባል ሁለቱንም ተቃውሜአለሁ፤ ውኃውን የምሸጠው እኔ ብሆንም።

የካኔተራው ነገር አጭር ነው። የማኅበሩ ሣጥን ለቀብርና ለታመመ ሰው ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ የመጣውን ተፈናቃይ ሁላችሁም አይታችኋል። ነጭ ያለው ነጭ ይልበስ፤ ቁጥሩን በጨርቅ ላይ ጽፈን እንሰፋለታለን፤ ጨርቁም ለሚመጣው ዓመት ይመለሳል።

ዋናው ውኃው ነው። 200 ሰው ቢሮጥ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ቢጠጣ 400 ፕላስቲክ መንገድ ላይ ይወድቃል። የምንሮጠው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ነው። በክረምት ጥቁሩ አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሰው ይጥላል። በበጋ ራሃድ ደርቆ ኩሬ ኩሬው ብቻ ስለሚቀር፣ የጣልነው ሁሉ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። ይህ ወንዝ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከሀገራችን ደጋ ተነሥቶ እዚህ የሚደርስ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቆሻሻችንን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስደዋል። እስከዚያ ፍየል ታገኘዋለች። ፕላስቲክ የበላች ፍየል አንጀቷ ተዘግቶ ትሞታለች፤ ባለቤቷም ጎረቤታችን ነው። «ሐበሾቹ ሮጡና ፍየሌን ገደሉብኝ» ቢለን መልሳችን ምንድን ነው?

ለንደን በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማራቶን ከባሕር አረም በተሠራ፣ አብሮ በሚዋጥ ከረጢት መጠጥ አድለዋል። እኛ ባሕርም አረሙም የለንም።

በዚር ይሁን ያሉ አሉ። ዚር የተባረከ ነገር ነው፤ ሱዳኖች ለመንገደኛ ከዛፍ ሥር ከሚያኖሩት ያልጠጣ እዚህ የለም። ግን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የታወጀው ኮሌራ ገዳሪፍን እንዴት እንዳገኛት አንርሳ። አንድ ኩባያ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዚር ውስጥ ሲጠልቅ ውኃውን ያበላሻል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ነው፤ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ሲያድር ይቀዘቅዛል። ክሎሪኑ በልክ፣ በዋዜማው ይጨመር። ሯጩ የራሱን ኩባያ በገመድ ወገቡ ላይ ያስር። «ይንቀጫቀጫል» አሉኝ፤ ይንቀጫቀጭ፣ የቀደመው ሰው ድምፁን ሰምቶ መንገድ ይለቃል!

ቀኑ ዓርብ ቢሆን ሱዳኖቹም ሥራ ስለማይኖራቸው ልጆቻቸው አብረው ይሮጣሉ። ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ያልቃል፤ የጁምዓ ሰላት ሳይደርስም መንገዱ ተጠርጎ ይለቀቃል። ሴቶች ልጆቻችን የሀገሩን ደንብ በጠበቀ ልብስ ይሩጡ እንጂ አይቅሩ። ሰው በመኪና አናመላልስም፤ መነሻውም መድረሻውም ገበያው አጠገብ ይሁን። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ሁለት አህያ ጋሪ ይከተላል፤ አንዱ ለደከመ ሰው፣ አንዱ ለቆሻሻ። ከመሐሊያው የጽሑፍ ፈቃድ ካልተገኘ ግን አንሮጥም።

የመመዝገቢያው ደብተር ከነገ ጀምሮ ሱቄ ይገኛል። የሚመዘገብ ሰው ኩባያውን ይዞ ይምጣ፤ ስሙን በቀለም እንጽፍበታለን። ኩባያ የሌለው ከእኔ በገዛሁበት ዋጋ ይውሰድ።