ስሙን ማን ይመልስለታል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

  

ውድ አድማጮቻችን! ባለፈው ዓመት ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ዐስርን ሰግደን ስንወጣ አንዲት እናት መስጂዳችን በር ላይ ጠበቁን። ኦሎምፒያ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው እናት ናቸው። «ኡስታዝ፣ ልጄ አጭበርብሮ ከሆነ ይቀጣ። አላጭበረበረ እንደሆነ ግን ስሙን ማን ይመልስለታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይባስ ብሎ የልጁን ስም ካጠፉት ሰዎች አንዱ እኛው ነበርን። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው። ቤተሰቡ እንድንናገረው ፈቅዶልናል፤ የማንንም ስም ግን አንጠራም።

ነገሩ የተነሳው በስልክ ከሚጫወቱት ቼዝ ነው። «ኢማሞች ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ስለ ጌም የሚያወሩት?» የምትሉ አትጠፉም። ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ስልኩን አቀርቅረው የሚያዩት ሁሉ ፊልም አይደለም። ጨዋታው ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉት ጨዋታ ስሙ ሳይቀር ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የመጣ ነው። በአገራችን አጨዋወት መጀመሪያው «ወረራ» ይባል ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰውም «ፈረሱን! ፈረሱን!» እያለ ጮክ ብሎ ይመክራል። ምክሩ በአደባባይ ነውና የሚታለል አልነበረም።

ስለ ሑክሙ የሚጠይቁን አሉ። ኢማም ሻፊዒይ ቁማር የሌለበትንና ከሶላት የማያዘናጋውን የተጠላ ነው ሲሉ፣ ከቀሩት መዝሀቦች ብዙዎቹ ይከለክሉታል። ገንዘብ ከተያዘበት ደግሞ ክርክር የለውም። ይህን በሌላ ቀን ኢንሻአላህ በሰፊው እንመለስበታለን፤ ዛሬ ርዕሳችን የሰው ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒዩተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ከየትኛውም ሻምፒዮን ይበልጣል። ስቶክፊሽ የሚባለውን ፕሮግራም ማንም ሰው በነፃ ያወርደዋል። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚጫወት ሰው ጨዋታውን በአንድ በኩል፣ ፕሮግራሙን በሌላ በኩል ከፍቶ የታዘዘውን ብቻ ማንቀሳቀስ ይችላል። ተጋጣሚው ከሰው ጋር የተጫወተ ይመስለዋል፤ የተጫወተው ግን ከማሽን ጋር ነው። ይህ ግልጽ ማታለል ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አንፈልግም።

ጨዋታውን የሚያስተናግዱት ድርጅቶችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የተጫዋቹን እያንዳንዱን እርምጃ ፕሮግራሙ ከሚመርጠው ጋር ያስተያያሉ። ሰዓቱንም ያያሉ። ሰው ሲጫወት ግልጽ የሆነውን ወዲያው ያንቀሳቅሳል፤ የከበደው ላይ ቆም ብሎ ያስባል። ከማሽን የሚቀዳ ሰው ግን ለቀላሉም ለከባዱም እኩል ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ከገጹ ወጥቶ መመለሱን፣ ደረጃው ከትናንት ወዲያ ስንት እንደነበረም ይመለከታሉ። በአሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት፣ ራሳቸውም የቼዝ ማስተር የሆኑት ኬኔዝ ሬጋን ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ይኸው ነው። ይህ ደረጃ ያለው ሰው ይህን ያህል ትክክል መጫወቱ በአጋጣሚ ሊሆን የሚችለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው? ብለው ያሰላሉ።

«ከስንት አንድ» የሚለውን ልብ በሉልን። «ከሺህ አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ነው» ሲባል ሰው «እንግዲያው ሌባ ነው!» ይላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ሰው በሚጫወትበት ቦታ ከሺህ አንዴ የሚያጋጥም ነገር አንድ ሺህ ንጹሐን ሰዎች ላይ ይወድቃል። ቁጥር ይጠቁማል፤ ቁጥር አይመሰክርም። ዐዋቂዎቹ ከቁጥሩ ሌላ ነገር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። እኛ ግን ቁጥሩንም አላየንም ነበር።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የኦሎምፒያ ወጣቶች በረመዳን ከተራዊህ በኋላ በስልክ ውድድር ጀመሩ። ገንዘብ አላስያዙም፤ ይህን አስቀድመን ጠይቀናል። አንድ ዝምተኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰፈሩ ማንም ችሎት የማያውቀውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሸነፈ። በማግስቱ የልጁ አካውንት ተዘጋ። የጨዋታውን ሕግ በመጣሱ እንደተዘጋ የሚገልጽ ምልክትም በገጹ ላይ ወጣ። አንዱ ያንን ፎቶ አንስቶ «ሌባችን ተገኘ» ብሎ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላከው። እስከ መግሪብ ድረስ ያልሰማ አልነበረም።

አባቱ በቁጣ ወደ እኛ መጡ። «አዋረደኝ» አሉ። እኛም ልጁን አንድ ጊዜ እንኳ አስጠርተን ሳንጠይቅ በዚያው ምሽት ከዒሻእ በኋላ ተራዊህ ሳይጀመር ስለ ማታለል ተናገርን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ አነሳን። ስም አልጠራንም። ስም አለመጥራታችን የሚበቃ መስሎን ነበር። ጀመዓው ግን ፊቱን ወደ ሦስተኛው ሰፍ አዞረ፤ ልጁ የተቀመጠው እዚያ ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ ልጁን በመስጂዳችን አላየነውም። ቀሪውን ረመዳን ሌላ ሰፈር ሄዶ ሰገደ። እናቱ እንደነገሩን ፍጡርን ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ አይበላም፤ ውሃና ተምር ይዞ ክፍሉ ይገባል።

ያንኑ ሐዲስ ስናነሳ አንድ ነገር አምልጦን ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመናገራቸው በፊት እጃቸውን ከተዋል። ከዚያም ባለ እህሉን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው መልሱን ሰምተዋል። እኛ እጃችንን አልከተትንም፤ ባለቤቱንም አልጠየቅንም።

በእኛ ሰፈር የሆነው በትልልቆቹ ዘንድም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የ19 ዓመቱ ሃንስ ኒማን የዓለም ሻምፒዮኑን ማግነስ ካርልሰንን አሸነፈ። ካርልሰን በማግስቱ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ዓለምም «አጭበርብሮ ነው» አለ። ኒማን በ12 እና በ16 ዓመቱ በኢንተርኔት ማጭበርበሩን በራሱ አንደበት አመነ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ግን አጭበርብሮ እንደማያውቅ ተናገረ። ቼስ ዶት ኮም በ72 ገጽ ሪፖርቱ ከ100 በሚበልጡ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ሳያጭበረብር አልቀረም ሲል፣ ፊት ለፊት ስለተጫወተው ግን ቀጥተኛ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ። ኒማን የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘጋው፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ተስማሙ። ካርልሰን በዚያ ጨዋታ ማጭበርበሩን የሚያረጋግጥ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አለመኖሩን ተቀበለ፤ የኒማንም አካውንት ተከፈተ። እንግዲህ አንድ ልጅ በልጅነቱ ጥፋት አለበት ማለት ዛሬ ያሸነፈውም በጥፋት ነው ማለት አይደለም። ሰው ግን ሁለቱን መለየት ይሰለቸዋል።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አለ። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ክራምኒክ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው። በ2006 ኤሊስታ ላይ ሲጫወት የተጋጣሚው ወገን «መጸዳጃ ቤት አብዝቶ ይገባል» ብሎ ጥርጣሬ ነዛበት። መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋበት፤ «አልጫወትም» በማለቱም አንድ ጨዋታ በፎርፌ ተወሰደበት። በመጨረሻ ግን አሸነፈ። የሐሰት ጥርጣሬን መራራነት የቀመሰ ሰው ነው ማለት ነው። ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ ቁጥር እየደረደረ በብዙ ተጫዋቾች ላይ ጥርጣሬ ማሰማት ጀመረ። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካዊው ግራንድ ማስተር ዳንኤል ናሮዲትስኪ ነበር፤ ብዙ ወጣቶች ቼዝን ከእርሱ ትምህርት የለመዱ። ናሮዲትስኪ አላደረግሁም አለ፤ አንድም ነገር አልተረጋገጠበትም። ጥርጣሬው እንዴት እንደከበደው ግን በአደባባይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 በ29 ዓመቱ ሞተ። ሞቱን ከዚህ ነገር ጋር ማያያዝ የእኛ ሥራ አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ቢያስተባብል እርሱ አይሰማም። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የክራምኒክን ጉዳይ ለሥነ ምግባር ኮሚሽኑ የመራው ከሞቱ በኋላ ነው።

ውድ አድማጮች! በሱረቱ አን-ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ስለ ወረዱበት ምክንያት ሙፈሲሮች ከዘገቧቸው ታሪኮች አንዱን እናንሳ። በመዲና ቱዕማ ኢብኑ ኡበይሪቅ የተባለ ሰው የጎረቤቱን ጥሩር ሰረቀ። ጥሩሩ ዱቄት በነበረበት ከረጢት ውስጥ ነበረና ከቀዳዳው ዱቄት በመንገዱ ሁሉ ፈሰሰ። ሰዎች የዱቄቱን መስመር ተከትለው ሄደው ጥሩሩን ከአንድ አይሁዳዊ ቤት አገኙት። ሰውየው «ቱዕማ ነው አደራ ያስቀመጠብኝ» ቢልም የቱዕማ ዘመዶች ስለ ሰዋቸው ሊሟገቱ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ቁርኣን ወርዶ ሙስሊም ያልሆነውን ያንን ሰው ነፃ አወጣው። አስተውሉ፤ ዱቄቱ አልዋሸም። ጥሩሩም በእርግጥ እዚያ ቤት ነበር። ሌባው ግን ሌላ ሰው ነበር።

የእኛም ልጅ ነገር ልክ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። እናቱ ካነጋገሩን በኋላ በሰፈሩ ቼዝ የሚያውቁ አንድ መምህር ለምነን ከልጁ ጋር ተቀመጥን። መምህሩ በተዘጋው አካውንት የተጫወቱትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ከፈቱ። በውድድሩ ያሸነፈበትን ሲያዩ ሳቁ። «ይህ የማሽን ጨዋታ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ ያኛው ደግሞ ሦስት ጊዜ ተሳስቷል» አሉን። ሌሎች ጨዋታዎች ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ከማይታወቁ ሰዎች ጋር የተደረጉ፣ አንድም ስሕተት የሌለባቸው፣ እያንዳንዱ እርምጃ በእኩል ሰከንድ የተንቀሳቀሰባቸው ነበሩ። ማሽኑ አካውንቱን የያዘው በእነዚህ ነው፤ በትክክልም ይዟል።

ከዚያ መምህሩ ሰዓቱን አዩ። ገጹ በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡10፣ 20፡25፣ 20፡40 ይላል። በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ መሆኑ ነው። «በዚህ ሰዓት የት ነበርክ?» አሉት። ልጁ መልስ ሳይሰጥ እኛን አየን። ተራዊህ ላይ ነበር። ሦስተኛው ሰፍ ላይ፣ ከኋላችን። ስልኩን እናቱ ቤት አስጥለውት ነበር የሚመጣው። ለንጽሕናው የምንመሰክረው እኛ ነበርን፤ እኛው ግን ከሰንን።

ቤት ስልኩ ጋ የሚቀረው የ13 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ነው። ትልቁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሯል። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ ልጄ?» አልነው። «ትንሽ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሌባ ሲሉት አይችለውም። እኔ እችለዋለሁ ብዬ ነው» አለን። አቀርቅሮ ነበር የተናገረው። እኛም ለጥቂት ጊዜ የምንናገረው አጣን።

አሁን ከባዱ መጣ። የአንዱን ስም ለመመለስ የሌላውን፣ ያውም የሕፃኑን፣ ስም ማጥፋት ይገባል? ዑለማኦች በሰው ክብር ላይ የተሠራ ጥፋት ተውበቱ የባለመብቱን መብት መመለስን ይጨምራል ይላሉ፤ ስም የጠፋው በጉባኤ ከሆነ ማስተባበሉም በዚያው ጉባኤ መሆን እንዳለበት ተረድተናል። ወንድምየውን ማጋለጥ ግን የዚህ አካል አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ምሽት ከዒሻእ በኋላ በዚያው ቦታ ቆምንና በዚህ ጊዜ ስሙን ጠራን። «እከሌ የተባለበትን አላደረገም፤ ጨዋታዎቹ ሲካሄዱ ከእኛ ጋር ይሰግድ ነበር። ሳንጠይቀው የተናገርነው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» አልን። ማን እንዳደረገው አልተናገርንም። ማስታወሻ እንዲሆነን የሱረቱ አል-ሑጁራትን 6ኛና 12ኛ አንቀጾች አነበብን፤ የመጀመሪያው ወሬን ማጣራትን፣ ሁለተኛው ጥርጣሬን መራቅን ያዛል። ያነበብነው ለጀመዓው ብቻ አልነበረም።

ፎቶውን የላከው ወጣት ግን አስቸገረን። «ያየሁትን ነው የላክሁት፤ አካውንቱ አልተዘጋም እንዴ?» አለ። ሁለት ቀን ተከራከርን። የጻፈው ስለ አካውንቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው እንደሆነ ሲገባው በዚያው ግሩፕ ማስተባበያውን ጻፈ፤ ሁሉም እንዲያየው ከላይ ሰቀለው። ከሰዓታት በኋላ ታናሽየው ማንም ሳያዝዘው በገዛ ድምፁ ቅጂ ላከ። «እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አይደለም» የምትል አጭር ድምፅ ናት። ከግሩፑ የተወሰኑት ሰደቡት። የተሸነፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን «ነገ ከዐስር በኋላ ሁለታችሁም ኑ፤ የእንጨት ሰሌዳ አለኝ» ብሎ መለሰ።

አካውንቱ አልተመለሰም። ቤተሰቡ ለድርጅቱ ጻፈ፤ በአካውንቱ ላይ ማጭበርበር በእርግጥ ስለተፈጸመ እንደተዘጋ እንደሚቆይ፣ ልጁ ግን በስሙ ሌላ መክፈት እንደሚችል መለሱለት። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ አካውንት ይሁንለት፤ የይለፍ ቃሉንም ሌላው አይወቀው። ይህን ለወላጆች የምንናገረው ከተሞክሮ ነው።

ልጁ ዛሬ ሦስተኛው ሰፍ ላይ ይሰግዳል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ነገረን። ደሴ ያለ አጎቱ ደውሎ «በቴሌግራም ያየሁት ሌባ አንተ ነህ እንዴ?» ብሎታል። ፎቶው እዚያ ደርሷል፤ ማስተባበያው አልደረሰም። የአጎቱን ስልክ ቁጥር ተቀብለነዋል፤ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ እንደውላለን።