ለቤተሰብ ሽርሽር የሚሆን ጀልባ እንዴት እንምረጥ?

በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





በበዓሉ ዝግጅት ወቅት "የድሮው የዓርብ ሽርሽራችን መቼ ይመለሳል?" የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከልጆችም በተደጋጋሚ ስለቀረበ፣ አስተባባሪ ኮሚቴው ስለ ጀልባ አመራረጥ ማብራሪያ እንድንሰጥ ኃላፊነቱን ለእኛ ለጥቂት ቤተሰቦች ሰጥቶናል። እኛ የመርከብ መሐንዲሶች አይደለንም። ለዓመታት ልጆቻችንን፣ አሮጊት እናቶቻችንንና የምግብ ዘንቢላችንን ይዘን ካርቱም ላይ በውኃ ስንንሸራሸር ያየነውንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የተረዳነውን ነው የምናካፍላችሁ።

እንደሚታወቀው ካርቱም ውስጥ ዓርብ ለአብዛኞቻችን ብቸኛዋ የዕረፍት ቀን ነበረች። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን፣ በዴም፣ በጀሪፍና በሳሃፋ ሱቅና ምግብ ቤት የነበራቸው ወንድሞቻችን፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲባዝኑ የሚሰነብቱ ወላጆች ሁሉ የሚገናኙት በዚያች ቀን ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ከተማ ነፋሻ ቦታ የሚገኘው ወንዙ ዘንድ ነው። ከዚህም በላይ፣ ካርቱም ተወልደው ጣናን ላላዩ ልጆቻችን ዓባይ ማለት በቱቲ ደሴት አጠገብ የሚያልፈው ውኃ ነው። ከጣና ወጥቶ ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሞግረን ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘውን ወንዝ እያሳየን "ይህ ከአገራችን የመጣ ነው" ብለን ያስተማርናቸው ጀልባ ላይ ተቀምጠን ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሁሉ ተቋረጠ። ከመካከላችን በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት የገቡ፣ ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ፣ በሌሎች የሱዳን ከተሞች የቆዩም አሉ። የከተማዋ መሐል በማርች 2025 ወደ ሱዳን ጦር እጅ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ወደ ካርቱም የተመለሱ አሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ለካርቱም ብቻ ሳይሆን ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ላለው ቤተሰባችንም ጭምር ነው።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። የቤተሰብ ጀልባ የሚመረጠው በሞተሩ ጉልበት ወይም በቀለሙ ማማር ሳይሆን፣ ከሚሳፈሩት ሁሉ ደካማ በሆነው ሰው ልክ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያትና መዋኘት የማይችለው የሦስት ዓመት ልጅ በሰላም የሚወጡበት፣ የሚቀመጡበትና የሚወርዱበት ጀልባ ለሌሎቻችን ሁሉ ይበቃል።

በንጦን ለምን?

ካርቱም የኖረ ሰው "በንጦን" ሲባል ሰውንና መኪናን ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግረውን ጠፍጣፋ ማመላለሻ ያስታውሳል። ቱቲ ድልድይ ሳይሠራላት በፊት ነዋሪዎቿ ይመላለሱበት የነበረው እሱ ነው። በውጭው ዓለም "ፖንቱን" የሚባለው የመዝናኛ ጀልባ የስሙም የአሠራሩም ዘመድ ነው። አምብሮዝ ዊረስ የተባለ አሜሪካዊ በ1952 በሚኒሶታ ግዛት የእንጨት ወለል በብረት ተንሳፋፊዎች ላይ አስቀምጦ እንደጀመረው ይነገራል። የዛሬዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦዎች፣ በላያቸው ሜዳ የሆነ ወለል፣ ዙሪያውን አጥር፣ የሚዘጋ በርና የጥላ ሸራ ያላቸው ናቸው።

ለቤተሰብ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተንሳፋፊዎቹ ግራና ቀኝ ተራርቀው ስለሚቀመጡ አንድ ሰው ከመቀመጫው ቢነሣ እንደ ጠባብ ጀልባ አይዋዥቅም። ወለሉ ሜዳ ስለሆነ አዛውንት እግራቸውን ብዙ ሳያነሱ ይገባሉ። ውኃ ውስጥ ብዙ ስለማይጠልቅም አሸዋ በበዛበት ወንዝ ይመቻል። ይህ የኋለኛው ጥቅም ለካርቱም አዲስ ነገር አይደለም። በ1896 እንግሊዝ አገር የተሠራችውና በ1898 የኪችነር ጦር ወደ ኦምዱርማን ሲመጣ አብራ የነበረችው "መሊክ" የተባለች የጦር ጀልባ ጠፍጣፋ ሆና የተሠራችው በዓባይ አሸዋ ላይ እንዳትቀመጥ ነበር። ከ1926 ጀምሮ የጥቁር ዓባይ የጀልባ ክለብ ቤት ሆና ያገለገለችው እሷው ናት።

ሆኖም በንጦን ጀልባ ሁሉን ቻይ አይደለም። ሦስት ድክመቶቹን አውቀን እንያዘው።

1ኛ. ነፋስ ይገፋዋል። አጥሩና ጥላው እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛሉ። የካርቱምን ሐቡብ የምታውቁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አድማሱ ላይ ቡናማ ግድግዳ ሲታይ ጥላውን ማጠፍና ወዲያው ወደ ዳር መውጣት ነው እንጂ "እስኪደርስ እንጨርስ" አይባልም።

2ኛ. ሰው ሁሉ ወደ አፍንጫው ከሄደ ፊቱ ይሰጥማል። ልጆች ፎቶ ለመነሣት አንድ ጥግ ላይ እንዳይሰበሰቡ፣ በተለይም ከፊት በር ውጭ እግራቸውን አንጠልጥለው እንዳይቀመጡ ይሁን። ከዚያ የወደቀ ልጅ ጀልባው በላዩ አልፎ ወደ ሞተሩ መዘውር ይደርሳል።

3ኛ. ለደራሽ ውኃ አልተሠራም። አበው "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ያሉት ለተረት ብቻ አይደለም። በክረምት ከደጋው የሚመጣው ግንድ ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው ውስጡ በተለያዩ የታሸጉ ክፍሎች የተከፈለ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፣ አትከራዩም። ክፍል ያለው አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ ይይዙታል።

ስንት ሰው ይጫናል?

በጀልባው ላይ የተለጠፈ የአምራቹ ሰሌዳ ካለ የሰውና የኪሎ ልክ ይነግራል። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው 75 ኪሎ ግድም ተብሎ ይታሰባል። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ የውኃው ጄሪካንና የበረዶው ሣጥንም ጭነት ናቸው። እኛ ጋር ደግሞ ድስቱም አለ! ልጅን "ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል" እያልን ከቁጥር ማውጣት የለብንም፤ ሕፃንም ቢሆን አንድ ቦታ ይያዝለት።

በየሰፈሩ በርሜል አበያይዘው የሚሠሩ አሉ። ዋጋው ስለሚረክስ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ የ200 ሊትር በርሜል ሙሉ በሙሉ ከጠለቀ 200 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ የራሱ ክብደት 20 ኪሎ ይጠጋል። ለደኅንነት ከግማሹ በላይ እንዳይጠልቅ ብንል የሚቀረን 80 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ዐሥር በርሜል 800 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የብረቱ፣ የጣውላውና የሞተሩ ክብደት ሲቀነስ ለሰው የሚተርፈው ግማሹ ቢሆን ነው። "ዐሥር በርሜል ስላለው ሃያ ሰው ይችላል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ ምንጣፉን አስነሥታችሁ ወለሉን በእግራችሁ ጫን በሉት፤ የሚሰምጥ ከሆነ ጣውላው በስብሷል። የብየዳውን መስመር በእጃችሁ ዳብሱ። ባዶውን ውኃ ላይ አሳድራችሁ ጠዋት እዩት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ቱቦው ውኃ ገብቶበታል። የአጥሩ የታችኛው ክፍተት ሕፃን የሚያሾልክ መሆን የለበትም፤ በሮቹም ወደ ውስጥ ይከፈቱ።

ስለ ሞተርና ስለ አካሄድ

በነሐሴ ወር፣ ኦገስት 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ በሰሜን ሱዳን ዓባይን ተሻግረው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩ ከ20 በላይ ተማሪዎች ሰጥመው ሞተዋል። በወቅቱ እንደተዘገበው ጀልባው ከ40 በላይ ልጆች ጭኖ ነበር፤ ኃይለኛ ወራጅ በነበረበት መሐል ላይ ሞተሩ ቆመ። ያ ሐዘን የሁላችንም ሐዘን ነበር። የተማርንበት ነገር ቢኖር ሞተር ሊቆም የሚችል ዕቃ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ስለሆነም፣

• መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወራጁን ተቃውሞ መሄድ። ሞተሩ ቢቆም ውኃው ወደ መነሻችን ይመልሰናል።
• መልሕቅ ከረጅም ገመድ ጋር ይኑር፤ ገመዱ የውኃውን ጥልቀት አምስት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። መቅዘፊያም አይጠፋ።
• ልምድ ያለው ረይስ ይነዳ፤ ከመካከላችን ማንም ደስ ስላለው ብቻ መሪውን አይያዝ።
• በነጭ ዓባይ በኩል፣ በተለይ ወደ ጀበል አውሊያ፣ ውኃው ሰፊና ዝግተኛ ቢሆንም የእምቦጭ አረም መዘውሩን ይጠመጥማል፤ ሞተሩን ሳያጠፉ እጅ አይከተትም።

አገር ቤት ለገባችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ያህል ነው፤ ጣና ግን ወደ 1,790 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ካርቱም ላይ የሚበቃ 40 የፈረስ ጉልበት ባሕር ዳር ላይ 33 ግድም ይሆናል። ሐዋሳና ቢሾፍቱም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ሻጩን ይህንን ጠይቁት።

ወቅቱንም እንምረጥ። በሴፕቴምበር 2020 ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ በመለኪያው ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ደርሶ ብዙ ቤት እንዳፈረሰ እናስታውሳለን። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የወንዙ ውኃ እንደ ድሮው በዝናብ ወቅት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የቀድሞውን ልማድ ብቻ ይዘን "በዚህ ወር ውኃው ጸጥ ያለ ነው" ከማለት በየሳምንቱ የወንዙን ሰዎች መጠየቅ ይሻላል። ወደ ካርቱም የተመለሳችሁም የወንዙ ዳርቻ ካልፈነዱ ጥይትና ቦምቦች መጽዳቱ በሚመለከታቸው ክፍሎች ሳይረጋገጥ ልጆቻችሁን ወደዚያ እንዳትወስዱ አደራ እንላለን።

የመጀመሪያው ብር ለምን ይውጣ?

ከሁሉ በፊት ለመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ማለትም ላይፍ ጃኬት ለምንለው። ለአዋቂ የተሠራ ሰደርያ ለልጅ አይሆንም፤ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። በልጁ ክብደት ልክ ይገዛ፤ ለትንንሾቹ በእግራቸው መሐል የሚያልፍ ማሰሪያና ራስ የሚደግፍ አንገትጌ ይኑረው። ካለበሳችሁት በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፤ ሰደርያው እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቷል ማለት ነው። ሰደርያው የሚለበሰው ደግሞ ከዳር ላይ ነው፤ ወንበር ሥር ተደርድሮ የተቀመጠ ሰደርያ ማንንም አያድንም። አባቶችና ወጣቶችም ቀድማችሁ ልበሱ። ልጅ የሚያደርገው ያየውን ነው።

ስለ ቡናውም ሳንናገር አንወርድም። እናቶቻችን ይቅር ይበሉንና ከሰልና ቤንዚን በአንድ ወለል ላይ አይቀመጡም። ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ፤ ወይም ደሴት ላይ ወርደን፣ እጣኑም ጭሶ፣ ፈንዲሻውም ቀርቦ በወጉ እስከ በረካ እንጠጣለን።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ኮሚኒቲው ጀልባ ከመግዛቱ በፊት አባሎቻችን ባሉበት ከተማ ቢያንስ አንድ ወቅት በኪራይ ይሞከር፤ መግዛት ቀላል ነው፣ ማደስና ማስጠበቅ ግን በየወሩ ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለመዋጮው የሚሰበሰበው የመጀመሪያ ገንዘብ በልጆች ልክ ለሚሆን ሰደርያ ይዋል፤ እሱ በተከራየነውም በገዛነውም ጀልባ ያገለግላል። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ የተሳፋሪዎች ስም በደብተር ተጽፎ ዳር ላይ ለሚቀር ሰው ይሰጥ። ሲነሡ የተቆጠሩ ሲመለሱም ይቆጠሩ።

ከካርቱም ስንወጣ ብዙዎቻችን ቤትና ንብረት ትተን ነው የወጣነው። ልጆቻችን ግን አብረውን ወጥተዋል። ወደ ውኃው ስንመለስም ሁሉንም ይዘን ሄደን ሁሉንም ይዘን የምንመለስበትን ጀልባ እንምረጥ።