ከመንደራ ቆጪ እስከ ጮጬ፦ ስለምናያቸው ሥፍራዎችና ስለምንሰማቸው ተረቶች

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንድ ከሩቅ ክፍለ አገር የመጣ ጓደኛችን «ጅማ ውስጥ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም በመንደራ ቆጪ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ስድስት ተማሪዎች ነን። ለዚህ ቀላል ጥያቄ የሰጠነው መልስ እጅግ ያሳፍር ነበር። ከመካከላችን ሦስት ዓመት ሙሉ ጅማ ተቀምጠው ጅሬን ኮረብታ ላይ ያልወጡ ነበሩ። የወጡትም ቢሆኑ ስላዩት ነገር ከፎቶግራፍ በቀር የሚናገሩት አልነበራቸውም። ስለዚህ በዕረፍት ቀኖቻችን እየዞርን ለማየትና ለመስማት ተስማማን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከዚያ ያገኘነውን ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጅሬን ነው። ከከተማው መካከል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ዳገት ነው። ከላይ ሲደርሱ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነእንጨት ሰገነቱ ይገኛል፤ ጅማ ደግሞ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 ጀምረው የነገሡ ሲሆን፥ በ1932 ዐርፈዋል። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ የዝንጉርጉሩ ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ይህም ልማድ ለሁላችንም የቀረበ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ እንደ ነበር እናውቃለን።

በጅሬን የሚነገረው ተረት ብዙ ነው። ንጉሡ ቁመታቸው ከሰው ሁሉ የበለጠ ስለ ነበር ወንበራቸውም አልጋቸውም በልክ ይሠራ ነበር ይባላል። እንደዚሁም የምኒልክ ኃይል በቀረበ ጊዜ እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ «ከመዋጋት መገበር ይሻላል» ብለው መከሩ ይባላል። በታሪክ የተረጋገጠው፥ ጅማ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ለብዙ ዓመታት ይዛ መቆየቷና ይህም እስከ 1932 መዝለቁ ነው። ተረቱ አንድ ትልቅ የመንግሥት ጉዳይ በአንዲት እናት ምክር አድርጎ ይነግረናል። ሕዝቡ ለዚያ ምክር የሰጠውን ክብር ከዚህ እንረዳለን፤ ይህን ደግሞ ከዓመተ ምሕረት ዝርዝር አናገኘውም።

ከጅሬን ወርደን የፈለግነው ሒርማታን ነው። ሒርማታ የጥንቱ ታላቅ የሐሙስ ገበያ ስም ነው፤ የዛሬይቱ ከተማ ያደገችው በእርሱ ዙሪያ ነው። በዚህ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙ እንደ ነበር ሰዎች በኩራት ነገሩን። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚሁ ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር የነገረን ማንም አልነበረም፤ ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። ተጓዥ ሆነን ስንሄድ የምንሰማው የንጉሡን ቁመት ነው፤ እየተነዱ መጥተው በዚያ ስለ ተሸጡት ሰዎች ተረት አይነገርም። ስለዚህ አንድን ሥፍራ ስንጎበኝ «ምን ተነገረን?» ከማለት ጋራ «ምን ሳይነገረን ቀረ?» ማለትም ይገባናል።

ሦስተኛው ጉዟችን ወደ ጎማ ነበር። ጎማ ጥንት ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ የቀሩት ጅማ፥ ሊሙ እናርያ፥ ጉማና ጌራ ናቸው። አጋሮ ከጅማ በስተ ምዕራብ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጮጬ መንደር የሚገኘውም በዚያው በጎማ ወረዳ ነው። በጮጬ ከታ ሙዱጋ በሚባለው ሥፍራ አንድ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ ይባላል። እረኛውን ካልዲ የሚሉት አሉ፤ ኻሊድ የሚሉትም አሉ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ጠብ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። አንዱ ጓደኛችን የአጋሮ ልጅ ነው፤ ሌላው የቦንጋ ልጅ ነው። የቦንጋው ልጅ የቡና መገኛ በከፋ ያለው የማንኪራ ጫካ ነው፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እንኳ በቦንጋ የተሠራው ለዚህ ነው ብሎ ተነሣ። የአጋሮው ደግሞ ሥፍራው በስሙ እየተጠራ እያለ ሙዚየም ምን ያደርጋል አለ። እስከ ማታ ተከራከሩ፤ በመኪና ውስጥም ጎን ለጎን መቀመጥ እምቢ አሉ።

ስንመለስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። በመጀመሪያ ያገኘነው፥ የእረኛውን ወሬ በ1671 በሮም በላቲን ያሳተመው ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ መምህር መሆኑን ነው። በእርሱ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም ጮጬ ወይም ማንኪራ ሳይሆን የዐረብ አገር ነው። ሁለተኛም ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 ለቡና ተክል «ኮፌያ አራቢካ» የሚል ስም ሰጠው፤ የዐረብ ቡና ማለት ነው። አውሮጳውያን ቡናን ያወቁት በዐረቦች በኩል ስለ ነበር መገኛው እዚያ መሰላቸው። እንግዲህ ተረት የሚያወሩት የገጠር ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም፤ ሊቃውንትም ሲሳሳቱ ስሕተታቸው በላቲን ተጽፎ ይኖራል።

የዛሬው የተክል ዘር ምርመራ እንደሚያስረዳው ግን ይህ ቡና ከሁለት ሌሎች የቡና ዓይነቶች መዳቀል የተገኘ ነው፤ ይህም የሆነው ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በዱር የሚበቅለው ቡና በብዛትና በልዩ ልዩ ዓይነት የሚገኘውም በአገራችን የደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ጎማ የሚባል መንግሥት፥ ከፋ የሚባል መንግሥት፥ የወረዳም ድንበር አልነበረም። ዛፉ ከክርክራችን እጅግ ይቀድማል። ይህን ለሁለቱ ጓደኞቻችን ባነበብንላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ቡና አፍልተው አብረው ጠጡ።

እንግዲህ ተረቱ ሐሰት ነውና ይቅር እንበል? አይደለም። በጮጬ ቡና ያፈሉልን አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። በኦሮምኛ የነገሩንን የአጋሮው ልጅ ተረጐመልን። እርሳቸው ስለ እረኛው የነገሩን ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ጫካው በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር፥ የትኛው ዛፍ ለቡናው ጥላ ይበጅ እንደ ነበር፥ ለቀማ በደረሰ ጊዜ ጎረቤት እንዴት ይረዳዳ እንደ ነበር በሰፊው ነገሩን። በመጨረሻም እንደኛ ያሉ ብዙ ልጆች መጥተው ፎቶግራፍ አንሥተው መሄዳቸውን፥ የጻፉትን ተመልሶ ያነበበላቸው ግን አንድም አለመኖሩን አጫወቱን። ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ እኛ ግን አንገታችንን ደፋን።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፥ በማኅበሩ ቢሮ አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጥ። ተማሪ ሁሉ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ከሽማግሌና ከአሮጊት የሰማውን፥ በተናጋሪው ፈቃድ፥ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍበት። ሁለተኛ፥ ገጹ በሁለት ይከፈል፤ በአንዱ በኩል የተነገረው፥ በሌላው በኩል በመጽሐፍና በምርመራ የተገኘው ይጻፍ፤ አንዱ ሌላውን አይሠርዝ። ሦስተኛ፥ የተጻፈው ወደ ተናጋሪው ተመልሶ ይነበብለት፤ ተሳስተን ከሆነ ያርመን።

እኛ ስድስታችን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጽፈናል። ከፈተና በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ ጮጬ ተመልሰን ለእኒያ እናት እናነብላቸዋለን። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ ቢኖር በመንደራ ቆጪ ያገኘናል፤ ፎቶግራፍ ማንሻ ባይኖረው ግድ የለም፤ ደብተርና እርሳስ ግን ይያዝ።